አምፖል የሆንኩበት ክፍለ ጊዜ

የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ የማስተምረው ጎንደር ከተማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። የተወለድኩት ግን ከዳባት በላይ ባለ የገብስ አገር ነው። እዚያ ቤተሰቦቼ ስለ እኔ ሲያወሩ «የሳይንስ መምህር ሆኗል» ይላሉ። ምን ዓይነት ሳይንስ እንደሆነ የሚጠይቃቸው የለም፤ ቃሉ ብቻ ይበቃል። ለአባቴ ይህ ቃል ትልቅ ነገር ነበር። ሰንበቴ ላይ ሲመጣ ሰው ጠጋ ጠጋ ብሎ ቦታ ይለቅለታል። እኔ ይህን ስሙን ያጎደፍኩበት ቀን አለ። ያጎደፍኩት ክፉ ነገር ሠርቼ አይደለም፤ ሥራዬን እየሠራሁ ነበር። ነገር ግን ሰውን በደሉ ብቻ አይደለም የሚያሳፍረው፤ መታየቱም ያሳፍረዋል።

ነገሩ የተነሣው ከአንድ ጥያቄ ነው። የኤሌክትሪክን ምዕራፍ እያስተማርኩ ሳለ፣ ከሳንጃ በኩል መጥታ ቀሐ ወንዝ አጠገብ ዘመድ ቤት ተጠግታ የምትማር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ከዚያ በፊት ድምፅዋን ሰምቼው አላውቅም ነበር።

«ቲቸር፣ ከረንቱ አምፖሉ ላይ ደርሶ ካለቀ፣ በዚያኛው ሽቦ የሚመለሰው ምንድን ነው?»

ክፍሉ ሳቀባት። እኔ አልሳቅሁም፤ መልሱ አፌ ላይ ስላልመጣ ለመሳቅም ጊዜ አላገኘሁም።

«ከረንት አያልቅም» አልኳት።

«ታዲያ ካላለቀ የሚበራው ምኑ ነው?»

ወደ ሰሌዳው ዞርኩና ቀመሩን ጻፍኩ። ከዚያ ሌላ ቀመር ጻፍኩ። መምህር ጀርባውን ሰጥቶ ብዙ ሲጽፍ እየሸሸ እንደሆነ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። ስዞር ልጅቷ ቀመሩን በሥርዓት እየገለበጠች ነበር፤ ጥያቄዋን ግን ከፊቷ ላይ አላነሣችውም።

በማግስቱ፣ እሷ ብቻ ናት ያልገባት ወይስ ሁሉም ብዬ፣ ሰሌዳው ላይ አንድ ባትሪና አንዱ ከሌላው ኋላ የተቀጠሉ ሁለት አንድ ዓይነት አምፖሎች ሣልኩ። «የትኛው ይደምቃል?» አልኳቸው። ክፍሉ ከሞላ ጎደል በአንድ ድምፅ «የመጀመሪያው» አለ። ስሌት ላይ ምንም የማይስቱት ልጆች ሳይቀሩ «የመጀመሪያው» አሉ። አንዱን ጎበዝ ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ «የመጀመሪያው ጠግቦ የተረፈውን ነዋ ለሁለተኛው የሚያሳልፈው» አለኝ። ይህ ልጅ የከረንትን ትርጉም በእንግሊዝኛ ያለ አንዳች ስሕተት በቃሉ ይወጣዋል። ያስወጣሁት እኔ ነኝ።

አምፖልና ባትሪ አምጥቼ ባሳያቸው በአንድ አፍታ የሚፈታ ነገር ነበር። ላብራቶሪ የሚባል ክፍልም አለን። ውስጡ ግን ያሉት የተቃጠሉ አምፖሎች፣ ሆዳቸው የፈነዳ ባትሪ ድንጋዮችና የተሰበሩ ዴስኮች ናቸው። ይህን ነገር መምህራን ማረፊያ ውስጥ ለባልደረባዬ ሳማርር፣ ከማዶ ጠረጴዛ የአማርኛ መምህርት የሆነችው የድራማ ክበቡ ኃላፊ ሰማችኝ። ረጅም፣ ድምፅዋ ሳትፈልግም የሚሰማ ሴት ናት። የሳይንስ መምህራኑ የእሷን ክበብ «ተረት ተረት» ነበር የምንለው፤ እሷም ታውቃለች።

«ሽቦ ባይኖርህ ልጆች አሉህ አይደል? አሰልፋቸዋ» አለችኝ።

«አሰልፌ ምን ላድርጋቸው?»

«ይኼ ሰርኪዩት የምትሉት ነገር ምን ይመስላል?»

«ዞሮ የሚገጥም መንገድ ነው።»

«ክብ ሠርቶ መዞር የማይችል ልጅ ጎንደር ውስጥ ታውቃለህ?» አለችና እርማቷን ትታ ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች። ከዚያ እንደ መርማሪ ትጠይቀኝ ጀመር። ማን ነው የሚሄደው? ምን ተሸክሞ ነው? ለማን ይሰጠዋል? ከሰጠ በኋላስ እዚያው ይቀራል ወይስ ይመለሳል?

«ይመለሳል» አልኳት። «ተሸካሚው ያው ነው። የሚያራግፈው ሸክሙን ነው።»

«እንግዲያው ልጆቹ ተሸካሚውንና ሸክሙን አንድ አድርገውት ነዋ።»

የልጅቷ ጥያቄ እዚያች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነበረ። ተሸካሚውና ሸክሙ ሁለት መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ግን ለተማሪ እንደዚያ ብዬ ነግሬ አላውቅም። ከእኔ ጋር የተቀመጠው ባልደረባዬ፣ እሱም የፊዚክስ መምህር ነው፣ ወደ መስኮቱ ዞሮ የሚያይ መሰለ።

በሚቀጥለው ሳምንት መምህርቷ እኔ ክፍል መጣች። ዴስኮቹን ወደ ግድግዳ ገፋናቸው። አንድ ግዙፍ ልጅ ባትሪ ሆኖ ቁና ሙሉ ሽምብራ ታቅፎ ቆመ። ሌሎቹ ክብ ሠርተው ይዞራሉ፤ ባትሪው ጋ ሲደርሱ አንድ አንድ ሽምብራ ይቀበላሉ፤ ማዶ ከቆመው አምፖል ሲደርሱ ሽምብራውን ሰጥተው ባዶ እጃቸውን ወደ ባትሪው ይመለሳሉ። አምፖሉ ሽምብራ በተቀበለ ቁጥር ይበራል። የሚበራው ደግሞ እስክስታ በመምታት ነው።

«አምፖል የሚሆን?» አለች መምህርቷ።

ማንም አልወጣም። ሴቶቹ ፊታቸውን በደብተር ሸፈኑ፤ ወንዶቹ እርስ በርስ ተገፋፉ። ሠርግ ላይ ቢሆን አንዱም አይቀመጥም ነበር። ጾሙን በዋለ ሰውነት፣ መምህር ፊት፣ ዴስክ መሀል ግን ሌላ ነው። መምህርቷ ዙሪያውን አየችና ዓይኗ እኔ ላይ ቆመ።

«እንግዲህ መምህሩ ናቸው።»

እምቢ ለማለት አፌን ስከፍት ከአንገቷ ቢጫ ሻሿን ፈትታ ራሴ ላይ አሰረችልኝ። «አምፖል ቢጫ ነው» አለች።

እኔ ያደግሁበት አገር ሰው በሠርግ፣ በጥምቀት፣ ከሰው መሀል ገብቶ ይጨፍራል። ለብቻው ቆሞ ለሌላ ሰው ዓይን የሚጨፍር ግን አዝማሪ ነው የሚባለው፤ ቃሉ ደግሞ ለምስጋና አይወጣም። ልጅ ሆኜ ሰው ፊት ሳንጎራጉር አባቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ዞር ብሎ ያየኝ፤ ከዚያ ወዲህ አልደገምኩትም። አሁን ነጭ ጋዋን ለብሼ፣ የሴት ሻሽ አስሬ፣ መዳፌን ዘርግቼ ቆሜያለሁ። የመጀመሪያዋ ሽምብራ እጄ ላይ ስታርፍ ትከሻዬ የሚሰብቅ ሳይሆን ብርድ የመታው ይመስል ነበር። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጆሮዬ ጋለ።

ግን መዞሩን ቀጠሉ። ሳቁም በዙር በዙር እየቀነሰ ሄደ፤ ማየት ስለጀመሩ ነው። አንዱ ልጅ ባዶ እጁን እያየ፣ «እኛ እኮ አልቀነስንም» አለ። ያን ጊዜ መምህርቷ «ሁለተኛ አምፖል እንጨምር» አለች። ከሳንጃ የመጣችው ልጅ ወጣች። ኋላ ስጠይቃት «እርስዎ ከተዋረዱ እኔ ምን ይቀርብኛል ብዬ ነው» አለችኝ።

አሁን አንዷን ሽምብራ ለሁለት አምፖል ማካፈል ነበረባቸው። እኔ ምንም አላልኳቸውም፤ ራሳቸው ሽምብራውን በጥርሳቸው እየከፈሉ ግማሹን ለእኔ፣ ግማሹን ለእሷ መስጠት ጀመሩ። ሁለት ቦታ መቆም ስላለባቸው ሰልፉም ዙሪያውን በሙሉ ቀስ አለ። በግማሽ ሽምብራ የሁለታችንም ጭፈራ እኩል ደከመ። ያ «የመጀመሪያው ጠግቦ» ያለኝ ልጅ ባዶ እጁን እንደያዘ ከሰልፉ መሀል ቆመ።

«ቲቸር፣ ሁለቱም እኩል ነው የደበዘዙት» አለ።

ለዚህች ዓረፍተ ነገር ስንት ክፍለ ጊዜ ጠመኔ እንደፈጀሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ደስ ብሎኝ፣ ዕፍረቱንም ረስቼው፣ ያን ጊዜ በእውነት ትከሻዬን ሰበቅሁ። ቀና ስል በሩ ላይ አባቴ ቆሟል።

እንደሚመጣ አላወቅሁም ነበር። ጥርሱ አስቸግሮት ጎንደር ወርዶ፣ ሐኪም ቤት አስነቅሎ፣ እኔ ቤት ሊያድር ነው ትምህርት ቤት ድረስ ጠይቆ የመጣው። የበር ጥበቃው «መምህሩ ያውላቸው፣ አያ» ብሎ አሳይቶት ሄዷል። መንጋጋውን በነጠላ ጠምጥሞታል፤ አፉ ውስጥ ጥጥ ስላለ እንዳይናገር ተነግሮታል። በትሩን ይዞ ቆሞ ያያል። ተማሪዎቹ ማን እንደሆነ አያውቁም፤ ዙራቸውን አላቋረጡም። አንዱ ልጅ ግማሽ ሽምብራ እጄ ላይ አድርጎ ጠበቀኝ።

«ቲቸር፣ ይብሩ እንጂ።»

ምን እንዳሰብኩ አላውቅም፤ አንድ ጊዜ ትከሻዬን ነቀነቅሁ። አባቴ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ።

ከትምህርት ቤቱ ወደ ተከራየሁት ቤት አብረን ተጓዝን። መንገዱን በሙሉ ያወራሁት እኔ ነኝ። ስለ ባትሪው፣ ስለ ተሸካሚዎቹ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ዕቃ ስለመጥፋቱ፣ እንደ ተጠየቀ ተማሪ ለፈለፍኩ። እሱ ፊት ለፊቱን እያየ ይራመዳል። «አባየ፣ በጣም ያምሃል?» ስለው ራሱን ይነቀንቃል። ዝምታው የጥርሱ ይሁን የእኔ ልለይ አልቻልኩም። ቤት ስንደርስ የአጃ ሾርባ አብርጄ ሰጠሁት፤ በአንድ በኩል እየጠጣ ወደ ግድግዳው ዞረ። ጠዋት ጥጡን አውጥቶ መናገር ሲችል እንኳ መናኸሪያ እስክንደርስ ምንም አላለም። መኪናው ሊነሣ ሲል ብቻ፦

«ደመወዝ ይሰጡሃል?» አለኝ።

«ይሰጡኛል አባየ። ምነው?»

«ሸጋ» አለና ገባ።

ያን ጥያቄ ለምን እንደጠየቀኝ ያኔ አልገባኝም። የገባኝ አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ሳይነግረኝ መጥቶ ዳይሬክተሩ ቢሮ በር ላይ ቁጭ ብሎ ሳገኘው ነው። እንግዳ መጣልህ ተብዬ ተጠርቼ ስሄድ፣ የስንቅ አኩፋዳ ጭኑ ላይ አድርጎ ለዳይሬክተሩ ነገሩን እየጨረሰ ነበር።

«የእኅቴን ልጅ ልወስደው ነው የመጣሁ። ጠበል ነው የሚሻለው።»

ዳይሬክተሩ ግራ ገብቶት አንዴ እኔን አንዴ እሱን አየ። «አባቴ፣ መምህሩ ምንም አልሆኑም እኮ» አለው።

«አባቱ በዓይኑ አይቶታል። የሴት ሻሽ አስሮ ለሽምብራ ይጨፍራል። ልጆቹ እጁ ላይ ያደርጉለታል፤ እሱ ይጨፍራል።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አባቴ ያየው ይህንን ነበር። ተምሮ መምህር የሆነው ልጁ እጁን ዘርግቶ፣ ልጆች በጣሉለት ቁጥር ትከሻውን ሲነቀንቅ ነው ያየው። ደመወዝ ይሰጡሃል ወይ ያለኝም ለዚህ ነው። አኩፋዳውን ከፍቼ ሳየው ቆሎና ድርቆሽ ታጭቆበታል፤ እናቴ ርቦት ነው ብላ የላከችው ነው። ያን ስንቅ ይዤ መምህራን ማረፊያውን ሳቋርጥ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። አንዱ «መምህር ወላጅ አምጣ ሲባል ዛሬ አየን» አለ። የድራማ ክበቡ መምህርት ብቻ አልሳቀችም። አጠገቤ መጥታ በቀስታ፣ «ይቅርታ፤ ሻሹን ባላስርልህ ኖሮ» አለችኝ። 

ዳይሬክተሩ ፈቃድ ሰጠኝ። ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ጠንቃቃ ነው። «ሂድና አረጋጋቸው» አለኝ። «ስትመለስ ግን ጭፈራው ይቅር። ሱፐርቫይዘሮች ይመጣሉ፤ ፊዚክስ በጭፈራ ሲሰጥ ነበር ብዬ ምን ልላቸው ነው?»

መንገዱ ክፍት የሆነበት ሳምንት ነበርና ከአጎቴ ጋር ተሳፈርን። አምባ ጊዮርጊስን አልፈን ዳባት ወረድንና በእግር ወደ ላይ ያዝነው። አጎቴ ቦርሳዬን አላስይዝ አለኝ፤ ሕመምተኛ ዕቃ አይሸከምም። ገብስ የሚያጭድ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ «እግዜር ይማርህ» ይለኛል። «አሜን» ከማለት ሌላ ምን እላለሁ? ደህና ነኝ ማለትማ የበሽታው ምልክት ሆኗል።

ቤት ስንገባ እናቴ እጄን ይዛ ግንባሬን ዳሰሰች። «ምነው ልጄ፣ ምን ጎደለህ?» አለችኝ። አባቴ መደቡ ላይ ተቀምጧል። ሰላምታዬን ተቀበለ፤ ከዚያ ያለፈ ቃል አልወጣውም። ወዲያው ጠያቂ መምጣት ጀመረ፤ አንዱ ዳቦ፣ አንዱ አረቄ ይዞ። ጎረቤታችን የሆኑት ሽማግሌ ፊቴን አገላብጠው ካዩ በኋላ ወደ አባቴ ዞሩና፣ «አያ፣ ልጁ መልኩ እንኳ ሸጋ ነው» አሉት። እኔ እዚያው ተቀምጬ ስለ እኔ ያወራሉ። ሥራው ይሆናል ያመጣበት አሉ፤ ብዙ ማንበቡ ይሆናል አሉ።

ላስረዳቸው ሞከርኩ። ከረንት፣ ቻርጅ፣ ሰርኪዩት እያልኩ በተናገርኩ ቁጥር እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። አንዲት ጎረቤት በነጠላዋ ሥር አማተበች። ባወራሁ ቁጥር እብደቴ እየተረጋገጠ ሄደ። በመጨረሻ እናቴ እጇን አነሣችና አስቆመችኝ።

«ቃሉ አይገባኝም። ያደረግኸውን አድርገህ አሳየኝ።»

«እማየ፣ እዚህ አይሆንም።»

«ተማሪ ፊት የሆነው እናት ፊት የማይሆነው ምን ሆኖ ነው?»

ለጠያቂው በቁና የቀረበ የሽምብራ ቆሎ ነበረ። አጎቴን ቁናውን አስያዝኩት። ሽማግሌውንና ጎረቤቶቹን ክብ ሠርተው እንዲዞሩ ለመንኳቸው፤ ሕመምተኛን አይቃወሙትምና እሺ አሉኝ። እኔ ከምሰሶው አጠገብ ቆምኩ። ክፍሌ ውስጥ ያፈርኩት ዕፍረት እዚህ ካፈርኩት ጋር ሲነጻጸር ምንም አልነበረም። እዚያ ያዩኝ የማስተምራቸው ልጆች ናቸው። እዚህ ያሉት ግን አፍንጫዬን የጠረጉልኝ ሰዎች ናቸው። ሽምብራ እጄ ላይ ሲያርፍ ትከሻዬን ሰበቅሁ፤ ያማተበችው ሴትዮ አፏን ያዘች። አንዱ የያዘውን ሊበላው ሲል «አይ፣ ለአምፖሉ ነው» አልኩት፤ ሰው ሳቀ፤ እኔም እንደመሳቅ አልኩ። ዙሩ ግን ቀጠለ። ከዚያ ሽማግሌው ባዶ እጃቸውን ይዘው አጎቴ ጋ ሲመለሱ ቆም አሉና፣

«እኔስ እንዳለሁ ነኝ። ያለቀ ሽምብራው ነው» አሉ።

«እሱን ነው የማስተምረው» አልኳቸው። 

ያን ጊዜ አባቴ ከመደቡ ላይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ተናገረ። «ልጆቹ ሽምብራውን ለአንተ አልነበረም የሚሰጡህ?»

«ለአምፖሉ ነው አባየ።»

«ትበላው ነበር?»

«አልበላውም። መሬት ነው የምጥለው። ብርሃን ሆኖ ወጣ ማለት ነው።»

አባቴ «እኔ ልመና መስሎኝ» አለ። ያለው በቀስታ ነው፤ ግን ሁሉም ሰማው። ሰዎቹ ዓይናቸውን ወደ ቆሎው መለሱ። አባቴ ተነሣና ከብቶቹን ልይ ብሎ ወጣ። ሲወጣ አንገቱን አየሁት፤ ቀልቷል። አገሩን ሙሉ ልጄ ታመመ ብሎ አስለቅሶ፣ አሁን በእንግዳ ፊት ተሳስቼ ነው ማለቱ ነበር። የራሴን ዕፍረት ለምጄዋለሁ ብል ይቀለኛል፤ የእሱን ማየት ግን አልቻልኩም።

ተከትዬው ወጣሁ። በረቱ አጠገብ ቆሞ አገኘሁት። ሁለታችንም ላሞቹን አየን።

«ማስተማሩን አስተምር» አለኝ ሳይዞር። «ሻሿን ግን ተው።»

«እሺ አባየ።»

ከዚህ ሌላ ስለ ጉዳዩ ተነጋግረን አናውቅም።

ጠበሉ ግን አልቀረልኝም። እናቴ ተስላ ነበር፤ የተሳለችውን ትታ ማደር አልቻለችም። በማግስቱ ጠዋት፣ ያ የደጋ ብርድ ገና ሳይለቅ፣ ከእውነተኞቹ ሕመምተኞች መሀል ልብሴን አውልቄ ቆምኩ። ከፊቴ አንዲት እናት ዓይነ ስውር ሕፃን ታቅፋለች። ካህኑ «ምንህን ነው የሚያምህ?» ሲሉኝ «እናቴ ናት ያመጣችኝ» አልኳቸው። አልሳቁም። ውኃውን አፈሰሱብኝ። ያንን የታመሙ ሰዎች ተራ በጤና ሰውነቴ መያዜ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ስመለስ ፈተና ፈተንኩ። ተአምር አልተፈጠረም። የሁለቱን አምፖሎች ጥያቄ አብዛኞቹ መለሱት፤ ጥቂቶቹ ግን አሁንም «የመጀመሪያው» ብለው ጻፉ፤ አንዱ ደግሞ አምፖሉ ሽምብራ ይበላል ብሎ ጻፈ። ለእሱ ዜሮ ለመስጠት እጄ እምቢ አለኝ፤ ያሳየሁት እኔ ነኝና። የሳንጃዋ ልጅ ግን ተሸካሚውንና ሸክሙን ለይታ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ ከመጽሐፉ በተሻለ አስረዳች። ወረቀቷን ለድራማ መምህርቷ አሳየኋት። ሁለት ጊዜ አነበበችውና መለሰችልኝ።

ከዚያ ሱፐርቫይዘሮቹ መጡ። የገቡት እኔ ክፍል ነው። ኋላ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ወረቀታቸውን ዘረጉ። የዕለቱ ትምህርት አምፖሎች ጎን ለጎን ሲቀጠሉ ምን እንደሚሆን ነበር። ተማሪዎቹ ዴስክ ለመግፋት ዓይናቸው እኔ ላይ ነው። ያቺ ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እንሥራው?»

«ዛሬ ጊዜ የለንም» አልኳት።

ጊዜ ነበረን። ወደ ሰሌዳው ዞሬ ቀመር ጻፍኩ፤ እነሱም ገለበጡ። ሲወጡ ሱፐርቫይዘሮቹ ጨበጡኝና ሥርዓት ያለው ክፍል ነው ብለው አመሰገኑኝ፤ ዳይሬክተሩም ትከሻዬን መታ አደረገኝ። ሻሽ አስሬ አባቴ ሲያየኝ ያፈርኩትን ያህል፣ በዚያ ምስጋና አፈርኩ። ልጅቷ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ እጇን አላወጣችም። ተቆጥታ አይመስለኝም። እንደማንኛውም ተማሪ መጠየቁን ትታ መገልበጥ ጀመረች፤ እሱ ነው የባሰብኝ።

በጥምቀት ሰሞን ቀሐ ወርጄ ከሕዝቡ ጋር ቆሜ ነበር። ሊቃውንቱ በሁለት ረድፍ ሆነው ያሸበሽባሉ፤ መቋሚያቸው ይነሣል፣ ይወርዳል፤ እግራቸው ከዜማው ጋር ይሄዳል። ያ ትምህርት በእግርና በትከሻ የተያዘ ትምህርት ነው፤ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ሲወዛወዙበት ማንም አላፈረባቸውም፣ እነሱም አላፈሩም። ፊዚክስ እጁን አጣጥፎ፣ ዴስክ ላይ ተጣብቆ ካልተቀመጠ ዕውቀት አይሆንም ያለን ማን ነው ብዬ አሰብኩ። አሰብኩ እንጂ ደፋር አልሆንኩም። ሐሳብ ዕፍረትን አያስለቅቅም።

በበዓሉ ማግስት ለዳይሬክተሩ፣ ሱፐርቫይዘሮቹ ያመሰገኑት ክፍለ ጊዜ ከሁሉ የከፋው ትምህርቴ እንደነበር ነገርኩት። የፈተና ወረቀቶቹን አሳየሁት። አገላብጦ ካያቸው በኋላ፣ ከሰዓት በክበብ ሰዓት ብቻ፣ ከድራማ ክበቡ ጋር ሆናችሁ ሥሩት አለኝ። ከዚያ ወዲህ እንሠራዋለን። መጀመሪያ ጥቂት ልጆች ነበሩ የሚመጡት፤ አሁን ክፍሉ ይጠበናል። ያቺ ልጅም ትመጣለች፤ እጇን እንደገና ማውጣት ጀምራለች።

መምህራኑ «አምፖሉ» ብለው ነው የሚጠሩኝ። ተማሪዎች ኮሪደር ላይ ሲያልፉኝ ትከሻቸውን ይሰብቃሉ። አልለመድኩትም። ዘንድሮ የሞገድን ምዕራፍ ይዘናል፤ ልጆቹ ተያይዘው ተሰልፈው እየተነሡና እየተቀመጡ፣ ሞገዱ ሲሄድ እነሱ ግን ከቦታቸው እንደማይሄዱ ያዩታል። መምህርቷ ከሰልፉ ጫፍ ቆሜ ሞገዱን የሚያስነሣውን የመጀመሪያ ዝላይ እኔ እንድዘል ትፈልጋለች። እሺ ብያታለሁ። የምንሠራው ሐሙስ ነው፤ ካሁኑ ጆሮዬ ይግላል።